ቀዝቃዛ ቢሮን ያለ ጋዝ፣ በትንሽ ወጪ ማሞቅ፦ ከሰንደል እስከ ኤሲ

ሐምሌ በገባ ቁጥር ያው ነው። አንዱ ብርዱ ሲመረው ሂተር ገዝቶ ይመጣል። በማግስቱ ጎረቤቱ ጠረጴዛ ሥርም ሁለተኛ ይሰካል። በሦስተኛው ቀን ብሬከር ይወርዳል፣ ኮምፒውተር ይጠፋል፣ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ክፍሉ ግን አሁንም ይበርዳል። እኔም አልፌበታለሁ። አንድ ጠዋት ሦስት ሂተር ሰክቼ ግማሽ ፎቅ ጨለማ አድርጌያለሁ። የደመወዝ ዝርዝር ስታዘጋጅ የነበረችው የሒሳብ ባለሙያችን እስከዛሬ ሐምሌ ሲመጣ ታነሳብኛለች።

የምንሳሳተው ከመጨረሻው ስለምንጀምር ነው። መጀመሪያ ይለካል። ቀጥሎ ንፋሱ ይደፈናል። ከዚያ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይፈተሻል። ማሞቂያ የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የምጽፈው እንደ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ላሉ ደጋ ከተሞች ነው። እዚህ ጋዝ በቧንቧ ቢሮ ድረስ አይመጣም። ሕንፃዎቻችንም ብሎኬትና ነጠላ መስታወት ናቸው። ደግነቱ ብርዳችን የአውሮፓ ብርድ አይደለም። ጠዋት 13 ወይም 14 ዲግሪ የሆነን ክፍል ወደ 19 እና 20 ማድረስ ከቻልን ሥራ ይሠራል።

ከሁሉ በፊት፦ ከሰል አይገባም

ከሰል ቢሮ ውስጥ አታስገቡ። «በሩን ገርበብ እናደርጋለን» አያድንም። «ፍሙ ጠርቷል፣ ጭስ የለውም» የሚለውም አያድንም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ቀይ ሆኖ የጠራ ፍምም ያመነጨዋል። ቡና የሚፈላ ከሆነ በረንዳ ላይ ይፈላ። ቡናው ካለቀ በኋላ ማንደጃውን «እንሙቅበት» ብላችሁ ወደ ውስጥ አትሳቡት።

የጥበቃ ቤቷን አትርሱ። ሌሊት በር ዘግቶ ከሰል አጠገብ የሚያንቀላፋው ብዙ ጊዜ ጥበቃው ነው። ለእሱ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይገዛለት። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ባታደርጉ እንኳ ይቺን አድርጉ።

ጄኔሬተርም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ኮሪደር ውስጥ፣ ደረጃ ሥር ወይም መስኮት አጠገብ አታስነሱት።

*ችግር ከተፈጠረ፦* አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች ባንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው በርና መስኮት ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ። ራሱን የሳተ ካለ ንጹህ አየር ወዳለበት አውጡትና በ907 አምቡላንስ ጥሩ። ወተት ለማጠጣት ወይም ሎሚ ለማሽተት ጊዜ አታባክኑ። አዲስ አበባ ውስጥ እሳት ከተነሳ 939 ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

አንድ ርካሽ ቴርሞሜትር፣ አንድ እሽግ ሰንደል፣ ሜትር፣ ሲሊኮን ከነመርጫው፣ ባለ ማጣበቂያ ስፖንጅ ወይም የመስኮት ጎማ፣ የበር ሥር መዝጊያ ጎማ፣ ወፍራም ግልጽ ላስቲክ፣ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር። በተጨማሪ ለግማሽ ቀን የሚመጣ ኤሌክትሪሺያን። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ደህና ኤሲ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

1. ለሦስት ቀን ለኩ

ቴርሞሜትሩን ከፀሐይ፣ ከኮምፒውተርና ከመስኮት አርቃችሁ በጠረጴዛ ከፍታ አስቀምጡ። ሥራ ሲጀመር 2፡30 ላይ፣ ከምሳ በፊት 6፡30 ላይ፣ ከዚያም 10፡30 ላይ መዝግቡ። በየክፍሉ ይህን አድርጉ።

ለምን ሦስት ቀን? «ይህ ክፍል በረዶ ነው» የሚባለው ክፍል ሲለካ ብዙ ጊዜ ከሌላው ብዙም አይለይም፤ ሰውየው በር ሥር ስለተቀመጠ ነው የሚበርደው። ጠረጴዛውን ማዞር ደግሞ በነፃ ነው። ሰኞን የግድ ከሦስቱ ቀናት አንዱ አድርጉ። ቅዳሜና እሑድ ሰው ስለማይኖር ግድግዳው ራሱ ይቀዘቅዛል፤ የሳምንቱ ክፉ ቀን ሰኞ ጠዋት ነው።

2. ንፋሱን ፈልጋችሁ ድፈኑ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ሰዎች ናቸው በየዓመቱ አዲስ ሂተር የሚገዙት። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ ሥሩት።

ሀ. ንፋስ የሚበዛበት ከሰዓት ምረጡ። በርና መስኮት ሁሉ ዝጉ። ፋን ካለ አጥፉ።

ለ. ሰንደል ለኩሱ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ንፋስ የለም። ከተጣመመ ቀዳዳው እዚያ ነው።

ሐ. በዚህ ቅደም ተከተል ዙሩ፦ የመስኮት ተንሸራታች ሐዲድ፣ የአልሙኒየሙ ፍሬም ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ዙሪያ፣ የበር ሥር፣ የኬብልና የቧንቧ ቀዳዳ፣ የኮርኒስ ጠርዝ፣ ቀድሞ ፋን የነበረበት ክብ ቀዳዳ። የመጨረሻው በካርቶን ተሸፍኖ የተረሳ ነው የሚሆነው። እኛ ጋ ከካቢኔ ጀርባ ነበር።

መ. በጠመኔ ምልክት አድርጉ። መጋረጃና ወረቀት አጠገብ ሰንደሉን አታቅርቡ።

አሁን ድፈኑ። የማይንቀሳቀስ ስንጥቅ በሲሊኮን ይደፈናል። የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር በጎማ ወይም በስፖንጅ ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ በደንብ ይድረቅ። አቧራ ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ በሳምንቱ ወለል ላይ ታገኙታላችሁ። በአልሙኒየም ተንሸራታች መስኮት ላይ ከፋብሪካ የመጣው ፀጉራም የንፋስ መዝጊያ ካለቀ አልሙኒየም ሠሪዎች ጋ በሜትር ይሸጣል፤ ናሙና ቆርጣችሁ ውሰዱ።

ቀጥሎ ደረጃው። ብዙ ሕንፃዎቻችን ደረጃቸው ክፍት ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከታች ቀዝቃዛው ይገባል። የደረጃው መተላለፊያ እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ሙቀታችሁን ይመጠዋል። ወደ ደረጃ በሚወስደው በር ላይ በራሱ የሚዘጋ ስፕሪንግ አስገጥሙ። «በሩን ዝጉ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ሞክሬያለሁ። ማንም አያነበውም።

*ማስጠንቀቂያ፦* ሁሉን አትድፈኑ። ሰው መተንፈስ አለበት። በየሁለት ሰዓቱ ለ5 ደቂቃ መስኮት በሰፊው ከፍታችሁ ዝጉ። አምስት ደቂቃ አየሩን ይቀይራል እንጂ ግድግዳውን አያቀዘቅዝም። ቀኑን ሙሉ ትንሽ ከፍቶ መተው ግን አየሩንም ግድግዳውንም ያቀዘቅዛል። ነዳጅ የሚያነድ ዕቃ ያለበትን ክፍል አየር መግቢያ በጭራሽ አትድፈኑ።

*ካልተሳካ፦* ከደፈናችሁ በኋላ መስታወቱ ላይ የውሃ ጠብታ መታየት ከጀመረ አየሩ ታፍኗል። የመክፈቻውን ጊዜ ጨምሩ፤ ሻይ ማፍያውን ከክፍሉ አውጡ።

3. መስታወትና ጣሪያ

ነጠላ መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር፣ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት፣ 5.7 ዋት ገደማ ያስወጣል። 5 ካሬ መስኮት ላይ በ8 ዲግሪ ልዩነት ወደ 230 ዋት ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ መስኮት።

ግልጹን ላስቲክ በፍሬሙ የውስጥ ጠርዝ ላይ በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ወጥሩት። በመስታወቱና በላስቲኩ መካከል ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የቆመ አየር ይኑር። ሥራውን የሚሠራው ያ አየር ነው። ላስቲኩ መስታወቱ ላይ ከተለጠፈ ጥቅሙ ይቀንሳል። ከተሸበሸበ ፀጉር ማድረቂያ ከሩቅ ያዙበት፤ ይወጠራል። ለአየር የሚከፈተውን አንዱን ክንፍ ሳትሸፍኑ ተዉት።

መጋረጃ ወፍራም ይሁን፤ ቁም ነገሩ ግን አጠቃቀሙ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የደቡብ መስኮት ቀኑን ሙሉ በነፃ ያሞቃል። የምሥራቅ መስኮት ጠዋት ይሠራል። ጠዋት ክፈቱ። 11፡30 ላይ የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ይዝጋ። የጽዳት ሠራተኛዋን ብትነግሯት ከእኛ በተሻለ ታስታውሳለች።

የመጨረሻው ፎቅ ላይ ከሆናችሁና በላያችሁ ቆርቆሮ ካለ፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ኮርኒሱን ሥሩ። ከኮርኒሱ በላይ የፋይበርግላስ ምንጣፍ አስነጥፉ። ሠራተኛው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርግ፤ ያሳክካል። ነጩ ፎም ይረክሳል፤ ግን በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ክፍት ኮርኒስ ላይ አታስነጥፉት። ማንኛውንም ዓይነት ብትመርጡ አምፖል የሚግልበትን ቦታ አትሸፍኑ።

4. ስንት ዋት ያስፈልጋል?

የምጠቀምበት ግምት ይኸው። ንፋሱ ለተደፈነ የመሃል ፎቅ ክፍል በካሬ ሜትር 50 ዋት። ከጣሪያ ሥር ላለ ክፍል ከ80 እስከ 100። ስለዚህ 20 ካሬ የሆነ የመሃል ፎቅ ክፍል 1,000 ዋት ይበቃዋል። ከዚህ ላይ ሰዎቹን ቀንሱ፤ የተቀመጠ ሰው ብቻውን ወደ 100 ዋት ሙቀት ይሰጣል። አምስት ሰው ካለበት ግማሹ ተሸፍኗል። ገበያ ላይ ባለ 2,000 ዋት ካልገዛችሁ ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ።

5. መስመሩን አስፈትሹ

ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ከገዛችሁ በኋላ አይደለም። ኤሌክትሪሺያኑ የሚከተሉትን ይመልስላችሁ።

ሀ. የትኛው ሶኬት በየትኛው ብሬከር ሥር ነው? አንድ በአንድ እያጠፋችሁ በወረቀት ጻፉ። ወረቀቱን የብሬከሩ ሳጥን በር ላይ ለጥፉት።

ለ. የሶኬቱ ሽቦ ውፍረት ስንት ነው? 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የቆዩ ሕንፃዎች ላይ የመብራት 1.5 ሽቦ ወደ ሶኬት ተስቦ ይገኛል። እዚያ ማሞቂያ አይሰካም።

ሐ. መሬት (ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ) አለው? ሶኬቱ የመሬት ቀዳዳ ስላለው ብቻ አትመኑ። አስለኩት።

መ. ሕንፃው ሦስት ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚገባለት) ከሆነ ማሞቂያዎቹ በሦስቱም ላይ ይከፋፈሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ 2,000 ዋት ሂተር በ220 ቮልት 9 አምፔር ይስባል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር 3,500 ዋት ይችላል፤ ለሰዓታት ለሚሠራ ነገር ግን ከ2,800 አትለፉ። ስለዚህ በአንድ ብሬከር አንድ ባለ 2,000 ሂተር። ያው መስመር ላይ የውሃ ማፍያው ከተጨመረ ይወርዳል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ብሬከር ሲደጋግም «16ቱን አውጥተን 32 እናስገባ» የሚል ባለሙያ ይመጣል። አመስግናችሁ ሸኙት። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ትልቅ ብሬከር ስታስገቡ ብሬከሩ ከመውረዱ በፊት ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይቃጠላል።

ሂተር በኤክስቴንሽን አይሰካም። ገበያ ላይ ያለው ኤክስቴንሽን ሽቦው ቀጭን ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅ ዳብሱ። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም ላስቲክ ላስቲክ ከሸተተ፣ ከብሬከሩ አጥፉና ሶኬቱን አስቀይሩ። መሰኪያው የሚወዛወዝበት ሶኬት ከሁሉም ይብሳል።

6. ክፍሉን ሳይሆን ሰውየውን አሙቁ

ሰፊ ክፍል ውስጥ አራት ሰው ብቻ ከተቀመጠ አየሩን ሁሉ ማሞቅ ገንዘብ መበተን ነው። የሚበርደው እግር ነው። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ መጀመሪያ ከጠረጴዛ ሥር ምንጣፍ አንጥፉ። ከዚያ ከ80 እስከ 100 ዋት የሚስብ የእግር ማሞቂያ ሰሌዳ ለየሰው ስጡ። አሥር ሰው አንድ ሺህ ዋት ብቻ ይወስዳል። ይህም ከአንዱ ሂተር ግማሽ ነው።

ሰዎቹንም በአንድ ጥግ ሰብስቡ። አሥር ሰው በአንድ ክፍል ሲሆን ይሞቃል፤ በአምስት ክፍል ተበትኖ ግን ይበርዳል። ጋቢ ለብሶ መሥራት ነውር የሆነበት መሥሪያ ቤት ካለም ሐምሌን ያስቡለት።

7. ማሞቂያውን ምረጡ

ሻጮች «ዘይት ያለው ይቆጥባል» ይላሉ። አይቆጥብም። በፋን ይሁን በዘይት፣ ቀይ አምፖልም ይሁን ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት የሚሰጠው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ነው። ልዩነቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ዘይት ያለው ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ድምፅ የለውም፤ ሙሉ ቀን ሰው ላለበት ዝግ ክፍል ይሆናል። ፋን ያለው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ለስብሰባ አዳራሽ። ቀይ የሚያበራው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ያሞቃል፤ በሩ ለማይዘጋ እንግዳ መቀበያ ተስማሚ ነው። ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋና ቴርሞስታት (ሙቀቱ ሲበቃ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ) ያለው ብቻ ግዙ። ሱቁ ውስጥ አስገልብጡና እዩ። ከመጋረጃና ከወረቀት አንድ ሜትር ይራቅ።

በእርግጥ የሚቆጥበው ኢንቨርተር ኤሲ (ጉልበቱን እንደ ፍላጎቱ የሚቀንስና የሚጨምር ኤሲ) ነው። ሙቀት አያመነጭም፤ ከውጭ አየር ሙቀት ስቦ ያስገባል። በእኛ አየር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከፍላችሁ ሦስት ያህል ሙቀት ታገኛላችሁ። በወር 22 ቀን፣ በቀን 5 ሰዓት ብንል፣ ባለ 2,000 ዋት ሂተር ሙሉ ጊዜ ከሠራ 220 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ኤሲው ያንኑ ሙቀት ለመስጠት ከ75 እስከ 80 ይበቃዋል። በራሳችሁ ቢል ላይ ባለው ዋጋ አባዙት። ልዩነቱ የኤሲውን ዋጋ በስንት ክረምት እንደሚመልስ ታያላችሁ። ካልመለሰ አትግዙ። ቢሮውን በዓመት ሁለት ወር ብቻ ለምታሞቁ ትንሽ መሥሪያ ቤቶች የእግር ሰሌዳው ይሻላል።

ከገዛችሁ በዚህ ቅደም ተከተል፦

ሀ. የማሞቅ ሥራ እንዳለው አረጋግጡ። ለቆላ ከተማ የመጡ፣ የሚያቀዘቅዙ ብቻ የሆኑ አሉ። ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት ያለበትን ሞድ ሱቁ ውስጥ አስበሩት፤ አፉ ላይ እጃችሁን አድርጋችሁ ሞቅ እስኪል ጠብቁ።

ለ. ከሕንፃው ባለቤት ለውጪው ክፍል (ከሕንፃው ውጪ ለሚሰቀለው የኤሲው አካል) የጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱ። ተገጥሞ «አውርዱት» የተባሉ አውቃለሁ።

ሐ. ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል። በሁለት መጠን መካከል ካመነታችሁ ትልቁን ያዙ።

መ. ለብቻው መስመርና ብሬከር፣ እንዲሁም መብራት ሲዋዥቅ የሚያጠፋ መከላከያ ይኑረው።

ሠ. ገጣሚው የቧንቧውን አየር በቫኩም ፓምፕ ዓይናችሁ እያየ ያውጣ። «በጋዙ እገፋዋለሁ» ካለ አስቁሙት። ውስጥ የቀረ አየርና እርጥበት ኮምፕሬሰሩን ይጎዳዋል።

ረ. 20 ወይም 21 ላይ አድርጉት፤ ክንፉን ወደ ታች አዙሩ። 30 ላይ ማድረግ ቶሎ አያሞቅም፣ ዝም ብሎ ይበላል። ማጣሪያውን በየወሩ እጠቡ።

8. ሰዓቱን አስተካክሉ

ማሞቂያው ጠዋት 2፡00 ላይ ይብራ፣ ፀሐይ ወደ ክፍሉ ስትገባ 4፡30 ገደማ ይጥፋ። በክረምት ዝናብ ከመጣ 9፡00 ላይ እንደገና። ሰኞ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ጀምሩ። ኃላፊነቱን ለአንድ ሰው ስጡ፣ ምትኩንም አብራችሁ ሰይሙ። መብራት ሲጠፋ ሂተሮቹን ሁሉ ከመሰኪያቸው ንቀሉ። ሲመለስ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከተነሱ ብሬከሩ እንደገና ይወርዳል። ሰው የሌለበት ሂተር ከበራ ደግሞ የሚመለሰው መብራት እሳት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ሲበላሽ

*ሂተሩ ይሠራል፣ ክፍሉ ግን አይሞቅም።* ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ሰንደሉን እንደገና ለኩሱ። ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ በር ሥር ነው።

*ራስ ይሞቃል፣ እግር ይበርዳል።* ሞቃቱ አየር ኮርኒስ ሥር ተሰብስቧል። የኮርኒስ ፋን ካለ በዝቅተኛው ፍጥነት አዙሩት፤ ከሌለ ማሞቂያውን ከመጋረጃው አንድ ሜትር አርቃችሁ በመስኮቱ በኩል ወለል ላይ አስቀምጡ።

*ኤሲው ድንገት ቆሞ ውጪው ክፍል እንፋሎት አወጣ።* አትደንግጡ። ውርጭ ባለበት ጠዋት የውጪው ክፍል በረዶ ይይዛል፤ ራሱ አቅልጦ በጥቂት ደቂቃ ይመለሳል። እዚያ መሀል ማጥፋትና ማብራት ነው የሚጎዳው። ከሩብ ሰዓት በላይ ከቆየ ገጣሚውን ጥሩ።

*ብሬከሩ ወረደ።* ወዲያው አታንሱት። መጀመሪያ ሂተሩን ንቀሉ፣ ከዚያ አንሱ። ባዶውን እንኳ ካልቆመ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው፤ ያንን መስመር አትንኩት፣ ኤሌክትሪሺያን ይምጣ።

*ቢሉ ከጠበቃችሁት በላይ ሆነ።* ዓርብ ማታ ቆጣሪውን አንብቡ፣ ሰኞ ጠዋት አንብቡ። ማንም በሌለበት ከቆጠረ አንድ ሰው ጠረጴዛ ሥር ሂተር እንደበራ ትቶ ሄዷል። እኛ ጋ የማተሚያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ በወረቀት ካርቶን ተከቦ።